የተራመደው አጥር

ጉቶውን ያየችው ጣሪያው ተመትቶ፣ ግንበኞቹም መሰላላቸውን ተሸክመው ከሄዱ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊዋ አዲሱ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ገብታ የስፌት መኪናዋን የት እንደምታስቀምጥ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ወደ መስኮቱ ቢጠጋ ይሻል እንደሆነ በዓይኗ ስትለካ፣ እግሯን አንድ ነገር አደናቀፋት። ወለሉ ገና ሲሚንቶ አልፈሰሰበትም። ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ ጠረግ ጠረግ ብታደርገው የበሰበሰ እንጨት ሆኖ አገኘችው። የአጥር ቋሚ ጉቶ ነው።

መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። ኋላ ግን የአጥር ጉቶ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ሐሳብ መጣባትና እዚያው ቁጢጥ አለች። ከጉቶው ወደ ግድግዳው በኩል ሌላ ጉቶ አለ። ከሱ አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ፣ ይኼኛው ግማሹ ከግድግዳው ሥር ገብቷል። ተራ በተራ እየተከታተሉ ወደ ጎረቤቷ ወደ አዋላጇ ግቢ የሚሄዱ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ጉቶ የድሮው ድንበር ከሆነ፣ ከሱ ወዲያ ያለው የክፍሏ ጎን፣ አንድ ሰፊ እርምጃ የሚያህል፣ የሰው መሬት ላይ ነው የቆመው።

እሷ ድሮም ከመጥፎው የምትጀምር ሴት ናት። ልጇ ካስነጠሳት ሳንባ ምች፣ ባሏ ከዘገየ የመኪና አደጋ፣ በር ከተንኳኳ መርዶ ነው የሚታያት። አሁንም ጉቶው ፊት እንደተቀመጠች አፍራሽ ግብረ ኃይል፣ የፍርድ ቤት ደጅና ዝናብ ላይ የወጣች የስፌት መኪና በዓይኗ ላይ መጡባት። የሷ መኪና።

ይቺን ክፍል ደግሞ ስታልማት ነው የኖረችው። ከተዳረች ጀምሮ የምትሰፋው መኝታ ቤት ውስጥ፣ አልጋው እግርጌ ነው። ባሏ ሲተኛ መብራቱ ዓይኑን ይወጋዋል፣ የተቆረጠ ክር ብርድ ልብሱ ላይ ተጣብቆ ያድራል፣ አንዴማ ጠፍታ ስትፈለግ የሰነበተች መርፌ ራሷን ያሳወቀችው በባሏ ጭን ላይ ነው። ራሷ የምትከፍተው፣ ራሷ የምትዘጋው ክፍል ነበር የተመኘችው። ይኸው ገና ወለሉ ሳይለሰን ጉድ ፈላ።

ባሏን ጠርታ አሳየችው። አናጢ ነው፣ አጥሩንም የሚያጥረው እሱ ራሱ ነው። ጉቶዎቹን አየና ጭንቅላቱን አከከ፤ ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ሳቀ። አጥሩ እግር አውጥቶ ሲሄድ ኖሯል አላት። ነገሩ እንዲህ ነው። ቋሚ ሲበሰብስ ጉቶውን ቆፍሮ ማውጣት ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ስለሆነ፣ አዲሱን ቋሚ ከአሮጌው ጎን ይተክለዋል። ከውስጥ በኩል እንዳይተክለው የሰላጣ መደቧ ነበር፤ አንድ ቅጠል እንኳ ቢረገጥባት ቤቱን በጩኸት የምታናውጠው ደግሞ እሷው ናት። ስለዚህ ሁልጊዜ በውጭ በኩል ተከለ። ቋሚ በበሰበሰ ቁጥር አጥሩ ወደ አዋላጇ ግቢ ጠጋ፣ ጠጋ፣ ጠጋ አለ። ክፍሉን ሲያሠሩ ደግሞ ግንበኛው የለካው ከአጥሩ ነው።

"ነገ ሲሚንቶ ይፈስበታል" አለ ባሏ። "ማን ያየዋል?"

"እኔ አየሁታ" አለችው።

ያስጨነቃት መሬቱ ብቻ አይደለም። አዋላጇ፣ እሷ እትዬ ልጇ ደግሞ እማማ የምትላቸው፣ ጡረታ የወጡ አሮጊት ናቸው፤ የሷን ልጅ ከማህፀን ተቀብለው እትብቷን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ማታ መጥተው የስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያወጉ የኖሩ ሴትዮ፣ ግድግዳው ከቆመ ወዲህ ብቅ ብለው አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ ጉንፋን ይዟቸው ነው ስትል ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመላት። አውቀውባታል፣ ተቀይመዋታል። ቅዳሜ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ቀያሽ ይዞ ሊመጣ ነው። ቤታቸውን በስሙ ሊያዞሩለት ስላሰቡ ይዞታው ይለካል። ሲለካ ጉዷ ይወጣል።

ማታ ልጇ ከትምህርት ስትመጣ እናቷን እህል ሳትቀምስ አገኘቻት። ልጅቷ የሕግ ተማሪ፣ ገና አንደኛ ዓመት ናት፤ ቤት ውስጥ ግን ስሟ ከወዲሁ "ዳኛዋ" ሆኗል። ታሪኩን ሰምታ እንደ አባቷ አልሳቀችም። እንዲያውም ዓይኗ በራ፤ በዚያው ሰሞን የተማሩት ይኼንኑ ነበር።

"እማዬ፣ ያ ትልቁ ድስት የማን ነው?"

"የእትዬ ነዋ።"

"ማን ጋ ነው ያለው?"

"እኛ ጋ ነው። ምነው?"

"በቃ። ባለሀብቷ እሳቸው ናቸው፣ ባለይዞታዋ አንቺ ነሽ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።"

እናትየው ከዚህ ሁሉ የሰማችው፣ የሰው ድስት ወስዶ ማስቀረት በሕግ ስም የወጣለት ነገር መሆኑን ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ቀጠለች። ባለሀብት የሆነ ሰው በንብረቱ ይገለገላል፣ ፍሬውን ይበላል፣ ሲፈልግም ይሸጠዋል፣ ይሰጠዋል፣ ቢያሰኘው ይሰብረዋል። እነዚህ መብቶች ደግሞ ተነጣጥለው ሌላ ሌላ ሰው እጅ ሊገቡ ይችላሉ። ድስት ተንቀሳቃሽ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። መሬት ግን ወዴትም አይሄድም፤ ስለዚህ አጥር ስለተራመደ መሬቱ አብሮት አይራመድም፣ የማን እንደሆነ የሚለየው በመዝገብ ነው። ቢሆንም ሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሁሉ ቤቱ ይፈርስበታል ማለት አይደለም። ሕጉ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ሠሪው በቅን ልቦና ነው ወይ የሠራው? ባለመሬቱስ እያየ ዝም ብሏል ወይስ ተቃውሟል?

"እማማ ደግሞ ዝም ማለት ብቻ መቼ ሆነና" አለች ልጅቷ። "ወንበር አውጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ መስኮቱን ከፍ አድርጉት ብለው ግንበኛውን ያዘዙት እሳቸው አይደሉ?"

"ቅን ልቦና እስከ ዛሬ ጠዋት ነበረኝ" አለች እናቷ። "ጉቶውን ካየሁ ወዲህ የለኝም።"

ልጅቷ የሚታየው ስትሠራ የነበራት ልቦና እንደሆነ ልታስረዳት ብትሞክርም እናትየው አልተጽናናችም። አንቺ ገና አንደኛ ዓመት ነሽ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሌላ ቢሉሽስ አለቻት።

ጠዋት፣ ሲሚንቶ የሚያፈስሰው ሰው ሳይመጣ፣ ድስቱን አወጣች። ቂጡን በአመድ ፈትጋ፣ መስተዋት እስኪመስል አጥባ፣ አቅፋው በመንገዱ ዞራ አዋላጇ ቤት ሄደች። ሐሳቧ መጀመሪያ ይኼንን እዳ አራግፋ ወደ ትልቁ መግባት ነበር።

አዋላጇ በሩን ከፍተው ድስቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ምን አደረግሁሽ?" አሏት።

"ኧረ ምንም አላደረጉኝም እትዬ።"

"ታዲያ ድስቴን በምን ጥፋቴ ነው የምትመልሺልኝ? ተጣልተናል እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከጭንቅላቷ ወጥቶ ጠፋ፤ ድስቱን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ በለቅሶዋ መሃል ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ጉቶውን፣ የሰላጣ መደቧን፣ የባሏን ስንፍና፣ ቅዳሜ የሚመጣውን ቀያሽ፣ እስር ቤት ትገባ እንደሆነ መፍራቷን። አዋላጇ እጇን ይዘው አስገብተው አስቀመጧት። አንዲት የምታምጥ ሴት ጨርሳ እስክትተነፍስ እንደሚጠብቁት ዓይነት፣ ሳያቋርጧት ሰሙ።

"ሌላስ?" አሏት ሲያበቃ።

"ሌላ ምን አለ? ይኼው ነው።"

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጥሩ ሲራመድ በመስኮታቸው ሲያዩት ነው የኖሩት። እንዲያውም ባሏ ቋሚ ሲተክል ገመዱን በዚህ በኩል የሚይዙለት እሳቸው ነበሩ። መሬቱን ምን ሊያደርጉት ነው፣ ሊበሉት ነው? የሚተክሉበት ጉልበት የላቸው። ያስከፋቸው ይኼ አይደለም። አጥሩ መሃል አንዲት መዝጊያ ነገር ነበረች፣ ሁለት ሳንቃ፣ ጠዋት ማታ የሚገቡባት። ክፍሉ የተሠራው ልክ እሷ ላይ ነው። አሁን ወዲያ ለመሄድ በዋናው መንገድ፣ ያን ሁሉ ዳገት መዞር አለባቸው፤ ጉልበታቸው ደግሞ አይችልም።

"ግድግዳው ሲወጣ ወንበር አውጥቼ የተቀመጥኩት መስኮት አምሮኝ መሰለሽ? 'እትዬ ከእንግዲህ በየት በኩል ይመጣሉ' የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ነው። አንዳችሁም አላላችሁኝ።"

ጣሪያው እንዳይወድቅ፣ ግንበኛው እንዳይወድቅ፣ ዝናብ እንዳይቀድም፣ ሌባ እንዳይገባ ስትጨነቅ የከረመች ሴት፣ ለዚች ሳንቃ አንዲት ቀን አልተጨነቀችላትም።

"በር አውጪልኝ" አሏት አሮጊቷ። "በክፍልሽ በኩል ልለፍ። ቁራጯን መሬት ውሰጂያት፣ እኔ መንገዴን መልሺልኝ።"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ልብስ ሰፊዋ ወዲያው እሺ አላለችም። ያለመችው ክፍል የሚዘጋ ክፍል ነበር። መሃሉን ሰው የሚያቋርጠው፣ ደንበኛ ልብስ ስትለካ የጎረቤት ጫማ ሲጎተት የሚሰማበት ክፍል አልነበረም። ጨርቅ የሚረገጥበትን፣ ጠረጴዛው የሚገፋበትን፣ ማታ ሳይዘጋ የሚረሳውን በር ሁሉ አሰበችው። ከዚያ ቀና ስትል አዋላጇ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እያሹ ወደ መሬት ያያሉ። አንጀቷን በሏት።

"በየት በኩል ይሁንልዎ?" አለቻቸው። "ቦታውን ራስዎ ይምረጡ።"

ቅዳሜ የወንድም ልጅ ቀያሹን አስከትሎ መጣ። ፋርማሲስት ነው፣ ሲናገር መድኃኒት እንደሚቆጥር ቁጥብ ነው። ቀያሹ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ መልሶ ለካ፣ ከዚያ ግድግዳውን ጠቆመ። ፋርማሲስቱ ዞር ብሎ አክስቱን አየ። አክስቱም ያወቁት ነገር ነው፣ በምትኩ በክፍሉ ውስጥ መተላለፊያ ይሰጠናል አሉት። ዳኛዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቃል ቢቀር አይጸናም፣ ተጽፎ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፣ ከተመዘገበ ደግሞ የማለፍ መብቱ ከሰው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ነው የሚኖረው፣ ቤቱ ወደ ማንም ቢዞር መንገዱ ይከተለዋል ብላ አስረዳች።

"ስለዚህ ነገ ከነገ ወዲያ እኔም በዚያ ላልፍ ነው?" አለ ፋርማሲስቱ።

"እግርህን ጠርገህ" አለችው ልብስ ሰፊዋ፣ ካፏ አምልጧት። ፋርማሲስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

አዋላጇ የቀረውንም ነገር በዚያው ጨረሱት። ቤቱን በስሙ ያዞሩለታል፤ እስኪሞቱ ግን የሚኖሩበትም፣ የጀርባውን ክፍል አከራይተው የሚጠቀሙትም እሳቸው ናቸው። ይኼ የአላባ ጥቅም እንደሚባል ዳኛዋ ነገረቻቸው። ፋርማሲስቱ እንግዲያው ለኔ የደረሰኝ ዛፉ ነው፣ ፍሬውን የሚበሉት እሳቸው ናቸው አለ። አክስቱም፣ ዛፉንም ደህና አድርገህ ካላጠጣኸው እቀማሃለሁ አሉት። ልጅቷ እንዲህ ያለ ቀልድ ሕግ ፊት አይነገርም ልትል ነበር፤ እናቷ በክርኗ ጎሸመቻት።

ባሏ በሩን ራሱ ሠራው። አዋላጇ ወንበራቸውን አውጥተው ወዲያ በኩል ተቀምጠው፣ ደፉን ዝቅ አድርገው፣ ጉልበት የሌለው ሰው ነው የሚሻገርበት እያሉ አዘዙት። እሱም እሳቸው ራሳቸው አናጢ ቢሆኑ ይሻል ነበር እያለ አጉረመረመ እንጂ ያሉትን አደረገ።

ወለሉ ደርቆ የስፌት መኪናው የገባ ዕለት ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያውን ስፌት የሰፋችው በዚያ ክፍል ነው። አልጋ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፣ መብራቱ ማንንም አይወጋ። አዋላጇ በበራቸው ገብተው፣ ከመኪናው ጎን ተቀምጠው፣ ባልተገኙባቸው ቀናት ውስጥ የተጠራቀመውን ወሬ ሁሉ አራገፉት። እሷም እየሰፋች፣ ጨርቁ ከእጇ ሳይወጣ፣ እነዚያን ቀናት እንዴት እንደቻለቻቸው ራሷን ትጠይቅ ነበር።

ሲመሽ አዋላጇ ተነሡ። ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ስታነሣ ተመለሱ፤ ለካ ስለ ፋርማሲስቱ እጮኛ ያልነገሯት ነገር አለ። እሱን ነግረዋት ወጡ፣ አሁንም ተመለሱ፤ ነገ ዝናብ ይመጣል፣ ልብስ አታስጪ ሊሏት ነው። ደግሞ ሲወጡ ደፉን ይዘው ቆሙና፣ እንዲያው ዝም ብለው ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ አዩላት።

"አምሮብሻል" አሏት።

"በሉ እትዬ፣ ብርድ ይመታዎታል። መሬቱም ያዳልጣል፣ ቀስ ይበሉ።"

እሷ ግን በሩን ሳትዘጋ መብራቱን ወደ ግቢያቸው አዙራ ቆመች። ወድቀው ቢሰበሩስ፣ እባብ ቢኖርስ፣ ቁልፋቸው ጠፍቶባቸው ደጅ ቢቀሩስ። ያን ሁሉ እያሰበች አሮጊቷ በጨለማው ውስጥ ቀስ እያሉ ሲራመዱ ዓይኗን አልነቀለችም። የቤታቸው በር ሲከፈት፣ መብራታቸው ሲበራ፣ ከውስጥ መቀርቀሪያቸው ቀጭ ሲል ሰማች። ያኔ ትንፋሿን ለቀቀችና የራሷን ክፍል በር ገፍታ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።