ጠንካራው ኤሌክትሮድ

ሙሕሲን ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሮ መጥቶ ናጋድ ጣቢያ ከባቡር የወረደው የዛሬ ስምንት ወር ነው። እኔ በዶራሌ መንገድ ዳር፣ በዘይድ ጋራዥ ስበይድ አሥራ ስድስት ዓመቴ። ታዲያ ሾፌሩ ሁሉ ሞተር ሳያጠፋ «ሙሕሲን አለ?» ማለት ሲጀምር ምን ልሁን? ቀናሁ። ምን ያስደብቀኛል፣ እርር ድብን አልኩ። ሚስቴ ውብነሽ እንኳ ምሳ ልታደርስልኝ መጥታ የሱን ብየዳ አየችና «እንዴት ያምራል! በመርፌ የተሰፋ እኮ ነው የሚመስለው» አለች። የዚያን ቀን ምሳዬን ሳልነካው መለስኩት።

ባለፈው ሳምንት የጋራዡ ባለቤት ዘይድ ሁለታችንንም ጠራን።

«ሼፍ፣ የበያጆች አለቃ ያስፈልገኛል» አለ። «የተሳቢ መጎተቻ ሁሉ በሱ እጅ ያልፋል። ሁለት ሁለት ቁራጭ ብረት ገጥማችሁ በይዱ፣ በመዶሻ እንፈትሻለን።»

እኔ የስካቫተር ያለቀ ጥርስ የምንሞላበትን የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ አነሳሁ። ክሮም የበዛበት ነው፤ በሱ የተሞላ ብረት ሞረድ አይነካውም። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ከየት ይመጣል?

ሙሕሲን አየኝና ጠጋ አለ።

«ጋሽ እሸቴ፣ ወላሂ ይሄ ለዚህ አይሆንም። ክሮሙ ያጠጥረዋል እንጂ ምት አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ከኔ ይውሰዱ፤ ይሄኛው ትንሽ ኒኬል አለው። ኒኬል ሲገባበት ቢመታም ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም።»

እውነቱን ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስቤያለሁ፤ አልዋሽም። ግን ከሱ እጅ ተቀብዬ ከማልፍ መውደቅን መረጥኩ።

«አንተ ንፍጥህን ሳትጠርግ እኔ በያጅ ነበርኩ። ወደ ሥራህ ሂድ!» አልኩት።

ብየዳው ሲቀዘቅዝ ዘይድ የሙሕሲንን ብየዳ በብረት መንከሻው ሞርሳ አስሮ በትልቁ መዶሻ መታው። ጎበጠ። ደገመው፤ ይበልጥ ጎበጠ እንጂ አልተላቀቀም። የኔ ግን በመጀመሪያው ምት ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ዘይድ ስብራቱን አገላብጦ አየና ወለሉ ላይ የጣልኩትን የኤሌክትሮድ ቁራጭ አነሳ።

«ይሄማ የጥርስ መሙያው ነው! እሸቴ፣ እንደማይሆን የነገረህ ሰው የለም?»

«ማንም አልነገረኝም» አልኩ።

ሙሕሲን ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ያጋልጠኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ ዘይድ ዞረና «ጥፋቱ የኔም ነው። ሲያነሱት አይቼ ዝም አልኩ» አለ።

ሼፍነቱን በማግስቱ ወሰደ። እሱስ ይሁንለት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያቺ ቃሉ ነች፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን አልላትም ነበር።