የቃለጽድቅ ሦስት ደቂቃ

እና መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል፣ ነቅሏል፣ እንደገና ያየዋል፣ አዎ ነቅሏል፣ አባባ እሱንና ወንድሙን እንዲህ ነበር የሚያስተምራቸው፣ ፕሮጀክተር መብራት እያለው አይነካም፣ አምፖል በባዶ ጣት አይያዝም፣ የእጅህ ወዝ ያፈነዳዋል፣ ሉልሰገድ በጨርቅ ይዞ ያወጣዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ቀስ። ነገ የቃለጽድቅ አርባ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሞቶ ሉልሰገድ እስካሁን አላለቀሰም፣ ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምቷል፣ ዓይኑ እንኳ አልረጠበም እኮ፣ ድንጋይ ነው እንዴ፣ ይሁን፣ ድንጋይ ይሁን፣ እንባ ካልመጣ ምን ያድርግ፣ ከጎረቤት ይዋስ?

ሌንሱን ባረጀ ካናቴራ ይወለውላል፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ሳይጫን። በአፍ እፍ አይባልም፣ ምራቅ አለው፣ የሕፃን አፍንጫ መሳቢያዋን ላስቲክ ጨመቅ፣ ፉ፣ ፉ፣ ከውጭ የእሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ የታክሲ ረዳት ይጮሃል፣ አምስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ፊልሙ የሚያልፍባትን ትንሿን መስኮት ይከፍታል፣ ዱቄት፣ ግራጫ ዱቄት፣ ዛሬም አላለቀም።

እምነት ነው፣ ከሥላሴ የመጣ የተባረከ አመድ፣ እማዬ ናት የቀባችው። ቃለጽድቅ ሆስፒታል ተኝቶ ጠያቂ አይገባም ሲሏት፣ ልጄ እዚህም አለ ብላ፣ በሰባት ዓመቱ ፒያሳ ላይ የሚሮጥበትን ፊልም ከቆርቆሮው አውጥታ፣ በጣቷ እያሸች፣ ማርልኝ፣ ማርልኝ፣ ማሽኑንም ቀባችው። አልዳነም። ሉልሰገድ ይህን መቼ አወቀ፣ ትናንት ልሞክረው ብሎ፣ ሳያጸዳ፣ የአባባ ልጅ፣ ስንት ዓመት ሲያጸዳ የኖረ ሰውዬ፣ ፊልሙን አስገብቶ ለቀቀው፣ ሽርርር ሲል ሰማ፣ ማሽኑን እስኪያጠፋው ፊልሙ ተጫረ። ይሄ አመድ ከየት መጣ ሲላት ቀብቼለት እኮ ነው አለችው፣ መጫሩን አልነገራትም። ቃሌ የሚንቀሳቀስበት ሌላ ፊልም የለም፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ። አንተ ፋራ ይለው ነበር ቃሌ ይሄን ቢያይ፣ ይስቅበት ነበር፣ ሉልሰገድ ግን ሳቁም አይመጣለትም፣ እጁ ብቻ ነው የሚሠራው፣ በስንጥር ጫፍ ጥጥ ጠቅልሎ አመዱን ይሰበስባል፣ ብረት አያስነካም፣ ወረቀት ላይ ያራግፋል። እምነት አይጣልም፣ አይረገጥም። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ይከተዋል፣ ምንም አይሰማውም፣ የሚያሳስበው የማሽኑ የላላ ብሎን ነው።

አጸዳኸው ልጄ፣ ትላለች እማዬ ከበሩ፣ አጽድቻለሁ እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ፣ አምፖሉን መልሶ ሶኬቱን ይሰካል፣ መጋረጃውን ይዘጋል፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥሯል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ቃሌ ይሮጣል፣ ጥርሰ ወላቃው፣ ያለ ድምፅ እየሳቀ፣ ጭረቱም በላዩ ላይ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ ቀጭን፣ አያቋርጥም። እማዬ ጠጋ ትላለች። ይሄ የሚወርደው ምንድን ነው? ይነግራታል፣ አሁን ይነግራታል፣ አመድሽ ነው፣ የኔም መቸኮል፣ ዝናብ ነው እማዬ፣ ይላል አፉ፣ ያን ቀን ይዘንብ ነበር።

ቃሌ ወደ እነሱ እየሮጠ ነው፣ ባዶ ራሱን፣ በስስ ሸሚዝ። ታዲያ አንተ ታላቁ፣ ትላለች እማዬ፣ ምነው ልጄን ከዝናብ አላስገባኸውም፣ አስገባዋለሁ ሊላት አፉን ይከፍታል፣ አሁን አስገባዋለሁ እማዬ፣ የሚወጣው ለቅሶ ነው፣ የአርባ ቀኑ፣ በአንዴ፣