ሠራተኛችን ናት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልክነሽ ደግሞ ከተወጉትም የባሰች ናት፤ ዓመት ሙሉ ቁስሏ እንዳይሽር ጠብቃ ያኖረች ሴት! ተፈረደባት የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ነገሩን ስሙ።

ልክነሽ ከተማ ውስጥ፣ ሲቀላ ገበያ፣ ጥጥና ድር ትሸጣለች። ታናሽ ወንድሟ ሀብተጊዮርጊስ በዚያው ከተማ ሴቻ ላይ ቢሮ ያለው፣ መኪና የሚነዳ ኃላፊ ነው። አባታቸው የሞቱ ጊዜ እሷ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ከተራራው መንደራቸው ከኦቾሎ ወደ ከተማ ወረደች። ቀን እየሸጠች፣ ማታ እየፈተለች ወንድሟን እስከ ዩኒቨርሲቲ አደረሰችው። ይህን በአፏ ተናግራው አታውቅም። እናታቸው እማማ አገኘሽ እንኳ ኦቾሎ ተቀምጠው «ልጄ በገዛ ጉብዝናው፣ ትርፍ ሥራ እየሠራ ተማረ» ብለው ለጎረቤት ሲመኩ ዝም ነው የምትለው። እሱ ለእናቱ የነገራቸው እንደዚያ ነው። ወንድሜ ነው፤ ክብሩ ክብሬ አይደል? ትል ነበር።

አምና በታኅሣሥ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። የገና ልዩ ዝግጅታቸውን አንድ ቤት ውስጥ ሊቀርጹ ፈልገው የሀብተጊዮርጊስን ሳሎን መረጡ። የበዓል ቴሌቪዥንን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ገና የሚከበረው በጾሙ መካከል ነው። ዶሮ ወጥ ይሠራል፣ ማንም አይቀምሰውም። ብርጭቆ ይጋጫል፣ ካሜራው ዞር ሲል ብርጭቆው ይቀመጣል። «እንኳን ጾሙን አስፈታችሁ» የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ገና ሁለት ሳምንት ጾም ይቀራቸዋል። የሀብተጊዮርጊስ ሚስት ሰናይት ሽንኩርት ከሩቅ ሲከተፍ የምታለቅስ የከተማ ልጅ ናት። ታዲያ ማን ይጠራ? ልክነሽ! ሦስት ቀን ገበያዋን ዘግታ፣ ጨውን ሳትቀምስ በግምት እየጨመረች፣ ያን ሁሉ ድግስ ብቻዋን ሠራች። በመጨረሻው ቀን ካሜራው ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞር ሲል ጭልፋዋን እንደያዘች ፈገግ አለችለት። ሳሎን ውስጥ ምን እንደተባለ ግን አልሰማችም።

የሰማችው በገና ዕለት ኦቾሎ ላይ ነው። የመንደሩ ሰው ቴሌቪዥን ያለበት ጎረቤት ቤት ተሰብስቧል። ልክነሽ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ «አሁን እኔ እመጣለሁ፣ እዩ፣ እዩ» ትላለች። መጣችም። ሻሿን አሥራ፣ ጭልፋዋን ይዛ። ጋዜጠኛዋ «እኚህስ ማን ናቸው?» ስትል ተሰማ። ሰናይት በአዲስ ቀሚሷ አምራ፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ «ሠራተኛችን ናት» አለች።

 አንድ ልጅ ሳቀ፤ እናቱ አፉን ያዘችው። ልክነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እማማ አገኘሽ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ግን ቀስ ብለው «ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የተቀጠርሽው? ገበያውስ?» ብለው ጠየቋት። ብትምል፣ ብትገዘት አላመኗትም። «የልጄ ሚስት በዓውደ ዓመት፣ በአገር ፊት ትዋሻለች? ሥራ ነውር የለውም፤ የደበቅሽኝ ነው የከፋኝ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክነሽ የምትነግራቸውን ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ ሳያምኑ የሚሰሙ ሆኑ። እሷን ያንገበገባት ይኼ ነው። የገበያው ሴቶች «ዛሬ እመቤትሽ ፈቃድ ሰጠችሽ?» ሲሏትስ መልስ አታጣም፤ ለእናቷ ግን ምን ትበል?

ሰናይትን ሄዳ ብትጠይቃት፣ «ውይ እትዬ፣ ቴሌቪዥን እኮ ነው! ምን ያካብድሻል?» ብላ ሳቀች። ሀብተጊዮርጊስም ከስልኩ ቀና ሳይል «ተያት በናትሽ፣ አምልጧት ነው» አለ። ልክነሽ ወንድሟን ማረችው። ወንድ ልጅ ከሚስቱ አፍ ምን ያደርጋል ብላ። ሰናይትን ግን በሆዷ ቋጠረቻት። በአፍሽ ያወጣሽውን በአፍሽ ትመልሺዋለሽ፣ ካሜራ ፊት፣ እናቴ እየሰማች፤ አለች ለራሷ።

እግዜር የማይሰጠው የለ፤ ዘንድሮም ታኅሣሥ ሲገባ ያችው ጋዜጠኛ፣ ዕድላዊት የምትባለው፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ማይክሮፎን ይዛ ስትዞር ልክነሽ አየቻት። የዘንድሮው የገና ዝግጅት ስለ ጋሞ አባቶች እርቅ ነው አለች። ሁለት ሰዎች የተጣሉ መስለው፣ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ሲያስታርቋቸው መቅረጽ ትፈልጋለች።

«መስለው ለምን?» አለቻት ልክነሽ። «የእውነት የተጣላ ሰው እያለልሽ!»

ዕድላዊት ዓይኗ በራ። ሰናይትን ማሳመኑ እንደፈሩት አልከበደም። በቴሌቪዥን እንደምትታይ ስትሰማ ያን ዕለቱን ፀጉር ቤት ቀጠሮ ያዘች። ሀብተጊዮርጊስ ግን የኦቾሎ ልጅ ነው፤ ዱቡሻን ያውቃል። ዱቡሻ አባቶች ለፍርድና ለእርቅ የሚቀመጡበት ሜዳ ነው። እዚያ ቆሞ ጥፋቱን የደበቀ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይላሉ፤ የተደበቀው ነገር ዞሮ ዞሮ በቤቱ፣ በከብቱ፣ በልጁ ላይ ይወጣል። በልጅነቱ ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ ይህን የሰማ ሰው እምቢ ማለት ነበረበት። አላለም። ከተማና ወንበር አዘናግተውት፣ ካሜራ የገባበት ሁሉ ድራማ መስሎት «አንድ ቀን ነው፤ ሰላምታና መተቃቀፍ ነው» ብሎ ሚስቱን በመኪናው ጭኖ ወጣ። አይ ሀብተጊዮርጊስ!

ልክነሽ ቀድማ ጋሽ ገነነ ዘንድ ሄዳ ነበር። የዱቡሻው ታላቅ ሽማግሌ ናቸው። ካሜራ እንደሚመጣ ስትነግራቸው «የካሜራው ነገር የካሜራው ነው። እኛ ከተቀመጥን ተቀመጥን» አሏት። ከዚያም ትኩር ብለው አይተዋት «በቀል ይዘሽ ነው የምትመጪው?» ብለው ጠየቋት።

«እውነት ይዤ ነው» አለች። የተጠየቀችው እሱን እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ጠዋት፣ ዱቡሻው በሰው ሞላ። ከታች አባያ ሐይቅ በጉም ተሸፍኗል። ሽማግሌዎቹ በድንጋዮቻቸው ላይ ተቀመጡ። እማማ አገኘሽም ነጠላቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀመጡ። ዕድላዊት ለሰናይት አንዲት ወረቀት ሰጠቻት። «አንቺ ‹ይቅር በዪኝ› ትያለሽ፣ እሳቸው ‹ይቅር ብያለሁ› ይላሉ፣ ትተቃቀፋላችሁ፣ እልልታ። በቃ!»

«ቀረጻ!» ተባለ። ሰናይት ቀሚሷን አስተካክላ፣ ድምፅዋን አለስልሳ «እትዬ፣ ይቅር በዪኝ» አለች።

ልክነሽ አፏን ሳትከፍት ጋሽ ገነነ እጃቸውን አነሡ።

«ምን አድርገሻት ነው?»

ሰናይት ወረቀቷን አየች። ወረቀቷ ላይ የለም። «ያው… ተቀያይመን ነበር።»

«በምን?»

«በትንሽ ነገር ነው፣ አባቴ።»

«ትንሽ ነገር እዚህ አይመጣም። እዚህ የተቆመው ሊነገር ነው። ነግረሽ ትወጫለሽ፣ ወይ ደብቀሽ ይዘሽው ቤትሽ ትገቢያለሽ። ይዘሽው የገባሽውን እኛ አናውቅልሽም።»

ሰናይት ልትስቅ ሞከረች። «እኔ እንኳ እንዲህ ያለውን አላምንም» አለች። እጇ ግን ሳታዘው ሆዷ ላይ ሄደ። ከስንት ዓመት ጠበልና ስለት በኋላ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እጇን አየ። ልክነሽም አየች፤ አላዘነችላትም። እንዲያውም ዛሬ አታመልጪም አለች በልቧ።

ዕድላዊት «ጋሽዬ፣ ይህ ክፍል…» ብላ ልትገባ ስትል ሽማግሌው አላዩአትም። ካሜራ የያዘው ልጅ ዓይኑን ከካሜራው አላነሣም።

«አምና» አለች ሰናይት በመጨረሻ። «አምና በቴሌቪዥን… ሠራተኛችን ናት አልኩ። ሠራተኛ አይደለችም። የባሌ ታላቅ እኅት ናት። ልትረዳኝ ነበር የመጣችው፤ ድግሱን ሁሉ የሠራችው እሷ ናት። ዋሸሁ።»

ኦሆሆ! የልክነሽ አንጀት ቅቤ ጠጣ! ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይኸው ወጣ። ወደ እናቷ ዞረች። እማማ አገኘሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው በዕንባ ያዩዋታል፤ «ልጄን!» ሲሉ ሰማቻቸው። እዚህ ላይ ቢያልቅ ሁሉም በደስታ ወደየቤቱ በሄደ ነበር።

ጋሽ ገነነ ግን «ሙሉ ነው? የቀረ የለም?» አሉ። እንዲህ ሳይሉ እርቅ አይዘጋም፤ ደንብ ነው።

ሰናይት ቀስ ብላ ባሏን አየችው። ሀብተጊዮርጊስ በትንሹ፣ አዎን በትንሹ፣ ራሱን ነቀነቀባት። እሷ ግን ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጮኸች። «አልደብቅም! ስለ አንተ ብዬ ልጄን አላስይዝም! ሠራተኛ በያት ያልከኝ አንተ ነህ። አለቆቼ ያዩታል፣ ጥጥ ሻጭ እኅት አለችው እንዳይሉኝ ብለህ፣ ጠዋት ልብስ ስትለብስ አስጠናኸኝ። እኅትህ ዓመቱን ሁሉ ስትሰድበኝ እኔ ነኝ የተሸከምኩልህ!»

ልክነሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዓመት ሙሉ ስትረግም የኖረችው ሰናይትን ነው። ያን የጠዋት ብርድ፣ ጣቷ እስኪደማ የፈተለችውን፣ በልቶ እንዲያድር ሳትበላ ያደረችውን ሁሉ አሰበች። ለእሱ ነበር። የሚያፍርባት ለካ እሱ ነው!

ወደ ሰናይት ሄዳ ጉንጯን ሳመቻት። «አንቺን ማርኩሽ። የማኅፀንሽን ፍሬ ይባርክልሽ» አለቻት፤ ከልቧ ነበር። የሚበቀሉት ሰው ሲለወጥ ምሕረት አይከብድም።

ሀብተጊዮርጊስ ሞኝ አይደለም። የመጣበት ገባው። ሮጦ ከሜዳው ዳር እርጥብ ሳር ነጨና ከነሱፉ ተንበረከከ። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ የሚል የጋሞ ልጅ የለም፤ ይህን ቆጥሮ ነው። ልክነሽ ሳሩን አየችው፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየቻቸው።

«ሳር የሚያዘው ከተናገሩ በኋላ ነው» አሉ ጋሽ ገነነ። «አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። ወደ ዕድላዊት ዞሮ «ካሜራውን አጥፉልኝ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ።

«አይጠፋም!» አለች ልክነሽ። «ያዋረድከኝ በካሜራ ነው። ተናገር።»

«እኅቴ ናት» አለ። «በድያታለሁ።»

«ይኼንን ሚስትህ ብላዋለች። ከመጀመሪያው ጀምር። ማን አስተማረህ?»

«እቴቴ፣ በእመቤቴ…»

«ማን አስተማረህ?»

«አንቺ» አለ። አንገቱን ደፍቶ፣ ቃል በቃል፣ ተናገረ። የመንግሥትም እጅ፣ የራሱም ትርፍ ሥራ እንዳልነበረበት። ደብተሩ ከጥጥ፣ ጫማው ከጥጥ፣ የዩኒቨርሲቲው መሳፈሪያ ከጥጥ እንደሆነ። የምረቃው ቀን እሷን አዳራሹ በር ላይ አቁሞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ፎቶ ተነሥቶ በሌላ በር እንደወጣ። ይህን የመጨረሻውን ልክነሽ ራሷ አታውቅም ነበር፤ ሰው በዝቶበት መስሏት ነበር እስከ ዛሬ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዷ አሮጊት «ኤዲያ!» ብላ ተፋች።

«እማዬንስ?» አለች ልክነሽ። «ለእማዬ ምን ነበር የምትነግራቸው?»

ሀብተጊዮርጊስ ቀና ብሎ እናቱን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ልክነሽ አትጠይቀኝም፣ ራሷን ብቻ ነው የምታውቀው፣ እያልኩ…»

«ይበቃል፣ ልክነሽ» አሉ ጋሽ ገነነ በዝግታ። «እናትሽን ተመልከቺ።»

ተመለከተች። እማማ አገኘሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው ነበር። ሃያ ዓመት የተመኩበት ልጅ በሰው ሁሉ ፊት ከእጃቸው ወድቆባቸዋል። መጥተው ያቅፉኛል፣ ልጄ ይሉኛል ብላ ነበር ልክነሽ። አልመጡም። እሱንም፣ እሷንም ሳያዩ፣ የደገፋቸውን እጅ ገፍተው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ቁልቁለቱን ብቻቸውን ጀመሩ።

ልክነሽ ልትከተላቸው እግሯን አነሣች። ያን ጊዜ ወንድሟን አየችው። እናቱ ዘወር ሲሉለት ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ያለቀለት መስሎት፣ ሳሩን በእጁ ሲፈልግ አየችው። እግሯን መለሰች።

«ጨርስ» አለችው።