ስድስት መቶ ብር ለአንድ አምፖል

ውባለም የቤቷን ወጪ የምታስተዳድረው በሦስት የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። አንዱ የኪራይ፣ አንዱ የውሃና የመብራት፣ ሦስተኛው የልጇ የማህሌት የትምህርት ቤት። ትሠራበት የነበረው ሆቴል እንግዳ ጠፋ ብሎ ከልብስ አጣቢነት ካሰናበታት ወዲህ የሰው ልብስ በእጇ እያጠበች ነው ጣሳዎቹን የምትሞላው። መሙላት ከተባለ ነው እንጂ ብሩ ከጣሳው ወገብ አልፎ አያውቅም። አንድ ሕግ ግን አላት፤ ከማህሌት ጣሳ ለሌላ ነገር አይነካም።

ይህን ሕግ ሊያስፈርሷት የመጡት አከራይዋ እትዬ አበበች ናቸው። በግቢው አራት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። ካርዱን እሳቸው ያስሞላሉ፣ ሂሳቡን ራሳቸውን ጨምረው ለአምስት ያካፍላሉ። የግንቦት ለእያንዳንዱ ስድስት መቶ ብር ደረሰ።

«ለአንድ አምፖል?» አለች ውባለም።

«በሸዋ ሮቢት ሙቀት ማራገቢያ ሳይከፍት የሚያድር አለ? ሁላችሁም እኩል ነው የምትጠቀሙት። እስከ ነገ ካልከፈልሽ ቤቴን ልቀቂልኝ።»

ውባለም ደሟ ፈላ። ማራገቢያዋን፣ በደህናው ጊዜ የገዛችውን፣ ወጪ ፈርታ ወር ሙሉ አልጋ ስር ከታዋለች። ማህሌት በላብ ተዘፍቃ ስትገላበጥ በካርቶን እያራገበችላት ነው ያደረችው። አሁን ስድስት መቶ ብር የሚገኘው ከልጅቷ ጣሳ ብቻ ነው፤ እሱም የመመዝገቢያዋ ነው።

«አልከፍልም። ይልቅ አሁኑኑ ሁላችንም ያለንን ሁሉ እናጥፋ፤ እርስዎም ጭምር። መብራቱን ማን እንደሚበላው እንይ። ከዋሸሁ ዛሬውኑ ዕቃዬን አወጣለሁ።»

ተከራዮቹ ወጡ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ራቢዓ ቀድማ ምድጃዋን ነቀለች። እትዬ አበበች እየሳቁ ገብተው ቴሌቪዥናቸውንም ሁሉንም አጠፉ። ቆጣሪ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ለማንም ምንም የሚናገር አይመስላቸውም። ውባለም ግን ሆቴል ሳለች ከማጠቢያ ማሽኖቹ አጠገብ የተማረችው ነገር ነበራት፤ ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብዙ ሲበላ ትፈጥናለች፣ ምንም ሳይበላ ብልጭታዋን ታቆማለች።

ሁሉም ጠፋ። ቀይዋ መብራት ግን ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች። «ይቺ ብልጭ የምትለው አሁንም የሚበላ ስላለ ነው» አለች ውባለም ወደ ቆጣሪው እየጠቆመች።

ውባለም ከቆጣሪው የወጣውን ጥቁር ገመድ በዓይኗ ተከተለችው። በቆርቆሮው አጥር ላይ ተሻግሮ መንገድ ዳር ያለው የእትዬ አበበች ሱቅ ገብቷል።

«ሱቁ የራሱ ቆጣሪ አለው አላሉንም እንዴ?» አለች ራቢዓ።

እትዬ አበበች ሳቃቸው ጠፋ። ውባለም በበሩ ወጥታ ወደ ሱቁ ዞረች፤ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የሚሸጥ ውሃ የሚያቀዘቅዙትን ሁለት ፍሪጆች ሶኬት አንድ በአንድ ነቀለች።

«ብልጭታው ቆመ!» ስትል ራቢዓ ከግቢው ጮኸች። «ወላሂ ቆመ!»

እትዬ አበበች ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱ። «ሰኪው! ውሃው ይሞቅብኛል!»

«ይሙቃ! እኔም ልጄም አንድ ወር ሙሉ ሞቆናል።»

«በይ ቤቴን ልቀቂ!»

«እለቃለሁ። መጀመሪያ እስከ ዛሬ ለፍሪጅዎ የከፈልኩትን ይመልሱልኝ።»

«የኔንም» አለች ከኋላ የደረሰችው ራቢዓ። «እሷ ከወጣች ደግሞ አራታችንም ነን የምንወጣው። ባዶ ግቢ ያከራዩ።»

ሌሎቹ ሁለት ተከራዮች ራቢዓ ጎን ቆመዋል። እትዬ አበበች አራቱንም ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከቆጣሪው የመጣውን ጥቁር ገመድ ራሳቸው መጠቅለል ጀመሩ። ስለ ስድስት መቶው ብር ዳግመኛ አላነሱም።

ውባለም ቤቷ ገባች። ከመብራቱ ጣሳ ሃምሳ ብር አውጥታ የአምፖሏን ድርሻ ለብቻው አስቀመጠች፤ የሰው ዕዳ አትፈልግም። ከአልጋው ስር ማራገቢያውን ጎትታ አወጣች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ሰካችው። ማህሌት ከደብተሯ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ሂሳቡስ?»

«የራሳችንን እንከፍላለን» አለች ውባለም፣ ማራገቢያውን ወደ ልጇ እያዞረች።