ከቁመት መውደቅ

ኪዳኔ ከዛፍ ወድቆ ቢሰበር ኖሮ ማንንም ባልገረመ ነበር። ደርግ ከወሎ አምጥቶ አሶሳ ካሰፈረው ወዲህ በየዓመቱ ዋንዛው ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ የንብ ቀፎ ሲሰቅል አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። የወደቀው ከገዛ ደጁ ነው። ዝናብ ያራሰው ቀይ አፈር አዳለጠው፣ እጁን አስቀድሞ ተመረኮዘ፣ የእጁ አንጓ ቀጭ አለ።

ወጌሻው ዐወድ ቀርከሃ ሰንጥቆ ጥፍር አድርጎ አሰረለት። "እጁን ሰብሮ የሞተ ሰው የለም" አለው እየሳቀ። "ለኅዳር ዛፍህ ላይ ነህ።"

ከሰዓት በኋላ ኪዳኔን እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ የቀርከሃው ጫካ አብቦ ነበር። ቀርከሃ በዕድሜው አንዴ ያብባል፣ ካበበ በኋላ ጫካው በሙሉ ይደርቃል። ከራሱ እጅ አንጓ ላይም ገለባ የመሰለ አበባ ፈካ፣ ንቦቹም መጡ። አልፈራም። እንዲያውም ደስ አለው። ሲነቃ ጆሮው ውስጥ ገና እምም ይሉ ነበር፣ ጣቶቹ ግን አብጠው ጠቁረዋል።

ሚስቱ የወርቅውሃ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሱ ሙርሳል ማሰሪያውን ፈታና "አባባ፣ ከየት ነው የወደቁት?" አለው።

"ከየትም። ዛፍ ላይ እንኳ አልነበርኩም፤ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር።"

"ከዛፍ ቢሆን ዛፉን እወቅስ ነበር። ከቁመት ወድቆ የሚሰበር አጥንት ግን ሳስቷል ማለት ነው። ይሄ እጅ ይድናል። እኔ የምፈራው የሚቀጥለውን ነው፤ ዳሌዎን ካገኘው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ዓመቱን ሳይጨርሱ የሚያልፉ ሽማግሌዎች ጥቂት አይደሉም። ዛፍ ይብቃዎት።"

"እኔ ስለው ፈሪ ባልቴት ይለኛል፤ በል ካንተ ይስማ ልጄ" አለች የወርቅውሃ።

በሰፈራቸው ልማድ ዋንዛ የሚወጣበት ሰው ንብረት ነው፤ ቀፎውን ራሱ ያልሰቀለ ዛፉን ለቀቀ ይባላል። ጎረቤቱ ይገረም ደግሞ ያን ዋንዛ ሲመኘው ዓመታት አልፈዋል።

ዝናቡ አባርቶ፣ እጁም ድኖ ቀፎ የሚሰቀልበት ጠዋት ደረሰ። ይገረም ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ "ጋሽ ኪዳኔ፣ ዘንድሮም?" አለ።

"ምን ያቅተኛል?"

ኪዳኔ እግሩን ጉጡ ላይ አሳረፈ። ዛፉ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ጢስ ወደ ላይ ይሄዳል። ሰውነቱ ቀለለው፤ ወጣት ሳለ እንኳ እንዲህ ቀሎት አያውቅም። ያ የሕልሙ ደስታ መጣበት፣ በዚያው ቅጽበትም ደነገጠ። ሰው ውስጡ ባዶ ካልሆነ እንዴት እንዲህ ይቀላል? ዘወር ሲል የወርቅውሃን አያት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እግሩን ብቻ ታያለች።

እግሩን አወረደ።

"ይገረም፣ ና ውጣ።"

"ልስቀልልህ ነው?"

"ስቀልና ውሰደው። ዛፉ ያንተ ነው።"

ይገረም ሲመኝ የኖረውን ሲያገኝ አፈረ። አቀርቅሮ ጫማውን አወለቀና ወጣ።

"ወደ ግራ! አፉን ወደ ፀሐይ አዙረው! አንተ፣ ቀፎ ነው የምትሰቅለው ወይስ ጆንያ?"

"ታዲያ አንተ አትወጣም!" አለ ይገረም ከላይ።

የወርቅውሃ ሳቋ አመለጣት። ኪዳኔም ሊስቅ ቀና ሲል ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሃል እየተንጠባጠበ ፊቱ ላይ ወረደበት። በዚህ ዛፍ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አይቶ አያውቅም ነበር።