ብቻውን የገባው መሐንዲስ

ፊውዝን የሰደበው ባዳ አይደለም፤ የእናቱ ልጅ ነው። ያውም አምና፣ በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ዕለት፣ ሦስተኛ ፎቅ አሳንሰሩ ደጃፍ ላይ፣ ያ ሁሉ መሐንዲስ ቆሞ እያየ።

ፊውዝ ያሉት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ነገር ስለሚያቃጥለው። ከስምንተኛ ክፍል ደብተሩን ዘግቶ ሽቦ የጨበጠው ታናሹ እንዲማር ነበር። ታናሹም ተማረ፣ መሐንዲስ ሆነ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት ፎቅ ላይ ወንበር ተሰጠው። የዚያን ዕለት ፊውዝ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ እንዲገባ ቢለምነው ከት ብሎ ሳቀ።

"ማኅበር ለእናንተ ለቱታ ለባሾች ነው። የኔ ማኅበር እዚህ ነው ያለው" ብሎ ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ጓደኞቹም በሳቅ አጀቡት።

ማኅበርተኞቹ አንድ ልማድ አላቸው፤ አለቃ የጠራው ሰው ብቻውን አይገባም። ጽዳቷም ትሁን ሾፌሩ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ አቁሞ ነው የሚገባው። የተማሩት "ሚዜ ይዘው መጡ" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። የተማሩት ራሳቸው ግን አንድ በአንድ ገብተው፣ በር ዘግተው፣ የተባሉትን እርስ በርስ እንኳ አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ ለሱ ብቻ ያደሉለት ይመስለዋል።

ዛሬ ጠዋት ታናሹ አለቃ ዘንድ ተጠራ። ፊውዝ ኮሪደሩ ላይ አምፖል ይቀይር ነበር። ክራቫቱን ሲያስተካክል ሲያየው አንጀቱ አልችል አለው፤ ከመሰላሉ ወርዶ አብሬህ ልግባ አለው። ታናሹ ግን ለሹመት የተጠራ መስሎት፣ በዚህ ቱታህ ታሳፍረኛለህ ብሎት ገባ።

ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። የምትሠራበት የሥራ ክፍል ተዘግቷል፣ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለህ ከፈረምህ ያማረ የሥራ ልምድ ይጻፍልሃል አሉት፤ ፈረመ። ለካ እነዚያ ሲስቁ የነበሩትም ቀድመውት ገብተው፣ ፈርመው፣ ማንም ለማንም ትንፍሽ ሳይል ተቀምጠው ኖሯል።

"ወንድም ጋሼ፣ አሁን አብረኸኝ ግባ።"

ወንድም ጋሼ ካለው ስንት ዘመኑ። ፊውዝ ይህን ቀን ሲመኘው ከርሟል፤ ሲመጣ ግን እንደ ሬት መረረው። በፈቃዱ ለፈረመ፣ ያውም አባል ላልሆነ ሰው፣ ማኅበሩ በምን አፉ ይከራከራል? ለአምናው ስድብ ያዘጋጀው መልስ ሁሉ ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ዋጠው።

"እማዬ ለጎረቤት ሁሉ መሐንዲሱ ልጄ እያለች ነው የምታወራው" አለ ታናሹ። "ዛሬ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?"

ፊውዝ መሰላሉን አጥፎ ትከሻው ላይ ጣለ። ታናሹ ዓይኑን እንዳያይበት ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ ደረጃውን ይዞ ወረደ።