የአይጧ አራስ ቤት

ባሌ አይጥ አርቢ ነው። ለምርምር ቤቶች ያቀርባል፤ የምንኖረውም በዚሁ ነው። ሰው ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፣ እኔ ግን አይጥ ጠልቼ አላውቅም። የተናደድኩትም በአይጥ አይደለም፤ ይሄ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

እኔና ግራጫዋ በአንድ ሳምንት ወለድን። ግራጫዋ ባሌ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላት አይጥ ናት፤ ባለፈው የወለደቻቸውን ደንግጣ በልታቸዋለች። ስለዚህ ዘንድሮ ቆርጦ ተነሣ። ገና ሆዷ ሲከብድ ከጓዳ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቀላት። ለስላሳ ወረቀት ቀዶ ቀዶ አቀረበላት፤ እየጎተተች ጎጆዋን ራሷ ሠራች። ስትወልድ ወንዱን አይጥ አውጥቶ ሌላ ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ አብሮ ካደረ ወዲያው መልሶ ያስረግዛታል አለኝ። ጠዋት ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል ይሰጣታል። ከመግባቱ በፊት እጁን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ፣ ባዕድ እንዳይሸታት በራሷ ሰጋቱራ ያሸዋል። በዚያ በር ማንም ድርሽ አይልም።

«አራስ ናት» ይላል በሹክሹክታ። «ከተረበሸች ወተቷ ይነጥፋል።»

እንግዲህ ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው እኔን ሳሎን አስተኝቶ ቤቱን ለዘመድ ወለል አድርጎ የከፈተው። መኝታ ቤቱን እናቱና እህቱ ያዙት፣ ጠባቧን ክፍል ግራጫዋ ያዘችው፣ ለእኔ ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ሶፋ ተረፈኝ። አጎቱ እግሬ ሥር ተቀምጦ ኳስ ያያል። ልጄን ጡት አስይዣት ገና መሳብ ስትጀምር በሩ ይንኳኳል፤ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፣ ሽቶ በሽቶ ሆና ትመለስልኛለች፣ ታለቅሳለች፣ አማቴ ጡጦውን ታጎርሳታለች። ጠግባ ስትተኛ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይቀራል። አዋላጇ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ልጅቷ ካልጠባች ወተቱ ይጠፋል ብላኛለች።

ለባሌ ነገርኩት።

«ሰው ቀንስልኝ።»

«ወደውሽ እኮ ነው የሚመጡት። ምን ልበላቸው?»

«ለአይጧ ብለህ የምትለውን በላቸው።»

«አይጧ እኮ ልጆቿን ትበላለች።»

«እኔ ልጄን አልበላም» አልኩት። «የምበላው ሌላ ሰው ነው።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በማግስቱ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ጡቴን በደንብ ያዘች። አጎትየው በኳሱ ይጮሃል፣ እኔ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። አማቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ተይ ልጄ፣ አንቺም አትድከሚ፣ እሷም አትራብ። ያ ጡት ምን አለውና ነው?» ብላ ጣቷን በልጄ አፍ አስገብታ ከጡቴ አላቀቀቻት።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። እንደ አራስ ነብር ዘልዬ ልጄን ከእጇ ነጠቅኩና ባገኘሁት በር ገብቼ ከውስጥ ቆለፍኩ። የገባሁት የግራጫዋ ክፍል ነው። ሙቀት አለው፣ ደብዘዝ ይላል። አይጧ አፍንጫዋን አውጥታ አሸተተችንና ወደ ልጆቿ ተመለሰች። እኔም የመኖ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

አማቴ በሩን መደብደብ ጀመረች።

«እማዬ! አታንኳኪ» አለ ባሌ በሹክሹክታ። «ትደነግጣለች። ቴሌቪዥኑንም አጥፉት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከወለድኩ ጀምሮ የለመንኩት ጸጥታ ለአይጧ ሲባል በአንድ ቃል መጣ። ደሜ ፈላ። እንዲህ ቀላል ነበር? አፉን መክፈት ብቻ ነበር የጎደለው?

አፉን በሩ ስንጥቅ ላይ ለጠፈ። «እባክሽ፣ እንደምንም አንገትሽን ዘርግተሽ እያቸው። ቆዳቸው ስስ ነው፤ ሆዳቸው ላይ ነጭ ነገር ከታየሽ ወተት አግኝተዋል ማለት ነው። ጠብተዋል?»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሐዘን አልነበረም፣ ንዴት ነው። የአይጥ ልጅ መጥባቱን በምን እንደሚያውቅ ያውቃል፤ የራሱን ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠጋ ብሎ አላያትም።

«የልጅህን ጠይቀኝ» አልኩት።

አማቴ «ምን አለች?» ስትል ሰማሁ። የባሌ ድምፅ ተለውጦ መጣ።

«እሷስ? ጠባች?»

ልጄ አፏን ከፍታ ጡቴን እየፈለገች ነበር።

«ገና ናት» አልኩት። «እናትህን፣ እህትህን፣ አጎትህን ይዘህ ከዚህ በር ራቅ፤ ትጥባ።»

ኮቴያቸው ራቀ። ልጄ ጎረሰች፣ ሳበች፣ ከዚያ ስትውጥ ሰማኋት። ባሌ ተመልሶ መጥቶ ስሜን ጠራ። አልከፈትኩለትም።